የመቲ ሹራብ

ዶርቃስ፣ በጊንጪ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ የሞተችውን የልጇን የመቲን የሱፍ ሹራብ፣ ጠረኗ እንዳይጠፋ ብላ ሳታጥበው አስቀምጣው ነበር። ባሏ ጉደታ ግን ሳያውቅ ከሌላው ልብስ ጋር ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተውና በመጨረሻው ፍጥነት አሽከረከረው። ሹራቡ ተኮማትሮ የልጅ ልብስ አክሎ ወጣ።

«ሱፍ እኮ ቀስ ባለው ነው የሚታጠብ! ሲንገላታ ይጠባል!» ብላ አለቀሰች።

«አላወቅኩም፣ ዶርቄ። ይቅር በይኝ» አለ፤ እሱም እንባው መጣ።

ጓሮ ወስዳ አሰጣችው። ምሳ ሰዓት ላይ ስታየው ገና ለምትድህ ሕፃን የሚበቃ ሆኗል። ፀሐዩ ይሆናል አለች በልቧ። ወደ ማታ ግን የእጅጌው አፍ ከጣቷ አላለፈም።

«ጉዴ፣ እስቲ ና እየው!»

ጉደታ መጥቶ ሹራቡን ዳበሰ። «ሱፉስ ይጥበብ፤ ቁልፎቹ እንዴት አነሱ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዶርቃስ ሹራቡን ከገመዱ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ደርቆ ነበር፤ እርጥበት አልነበረውም። የቀሚሷ ደረት ግን ቀስ እያለ ራሰ። ጎንበስ ብላ አየች። ፀጉሯ ከሸበተ ስንት ጊዜው፣ ጡቷ አግቶ ወተት ይፈስሳል።