ሲሞቅ ንገሪኝ

«አዬዮ፣ ሲሞቅ ንገሪኝ» አለና ፉአድ የቆርቆሮውን ክዳን በአያቱ በባቱሎ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። «መሞቅ ከጀመረ ሊደርቅ ነው። ሌላ የለኝም፤ ሱቁም ለዐስር ሰላት ዘግቷል።»

ክዳኑ ላይ ከሁለት ቱቦ እኩል የተጨመቀ ኢፖክሲ ሙጫ አለ። ባቱሎ በስንጥር ያማስላሉ። ሞርሳው የሟች ባላቸውን የዩኒስን ጠመንጃ ሰደፍ ነክሶ ይዟል፤ አንገቱ ላይ ለሁለት ተሰብሯል። ፉአድ የወንበር እግር እንደሚጠግነው አድርጎ አንደኛው ስባሪ ላይ ሁለት የብረት ችንካር ተክሏል፣ ሌላኛውንም በልካቸው ሰርስሯል። የቀረው የእንጨቱን ብናኝ ጠርጎ፣ ሙጫውን ቀብቶ መግጠም ነው።

ከግቢው በር የጀዕፈር አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ጀዕፈር የዩኒስ የወንድም ልጅ ነው። ትናንት የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ቢርካ ዘንድ፣ ውሃ ሲቀዳ በተነሳ ጠብ፣ የጀዕፈር ልጅ ተፈንክቷል። ሽማግሌዎች ነገ ሊቀመጡ ቀጥረዋል፤ እሱ ግን ዛሬውኑ ልጁን በመቱት ላይ ሊዘምት ነው። «ባዶ እጁን የሚመጣ እንዳይሳፈር» ብሏል። ይህን ባቱሎም ሰምተዋል።

«ሳልመርቅህ አትሄድም» አሉ። «አባቶችህን ቁጠርልኝ፤ ከዚያ እመርቅሃለሁ።»

«አሁን? አዬዮ፣ መኪናው…»

«መኪና ይጠብቃል። ያልተመረቀ ሰው ግን መንገድ ላይ ይቀራል።»

ፉአድ ተነፈሰ። ሳይመረቅ መውጣቱን እሱም አይደፍረውም። ቀዳዳውን በጨርቅ እየጠረገ፣ እንደ ቁርአን ቤት ልጅ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው። «ፉአድ ዐብዲረዛቅ ዩኒስ ዲሪዬ ሮብሌ ዋይስ…»

«ሮብሌን ዋይስ ነው የወለደው?»

ፉአድ ጨርቁን ወደ ሌላው ቀዳዳ አሻገረ።

«አያት ይዘለላል እንዴ፣ ፍየል መሰለህ? እንደገና ጀምር።»

ክዳኑ ለብ ብሏል። ባቱሎ ማማሰሉን ተዉት፤ ስንጥሩን እዚያው ሰክተው በሻርፓቸው ጫፍ ሸፈኑት። ልጁ ቀና ቢል ፊታቸው ላይ የሚያነብባቸው መሰላቸው።

«ፉአድ፣ ዐብዲረዛቅ፣ ዩኒስ፣ ዲሪዬ፣ ሮብሌ…» ጨርቁን የያዘ እጁ ቆመ። «ጉሌድ።»

«እሰይ። ጉሌድ ማንንና ማንን ወለደ?»

«ሮብሌን።»

«ሌላስ?»

ክላክሱ ጮኸ። ከአይሱዙው ላይ አንድ ጎረምሳ «ፉአድ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ፣ እስክትኳል ነው?» አለና ሌሎቹ ሳቁ።

«ሌላስ፣ ልጄ?»

«ሚሬን» አለ ፉአድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የሚሬ ልጆች የት ነው ያሉት?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ቢርካው ዘንድ ናቸው፤ ጀዕፈር የሚሄደውም በእነሱ ላይ ነው። ክዳኑ አሁን ከብረት ምጣድ የወረደ ይመስል ያቃጥላል። ባቱሎ ጥርሳቸውን ነክሰው ጣታቸውን አጠፉበት። ያ አላህ፣ ትንሽ ብቻ።

«ምርቃቱ ይድረሰኝ፤ ሙጫውን አምጪው» አለ ፉአድ።

ዘረጉለት። ስንጥሩን ሊያነሳ ሲስብ ክዳኑ አብሮ ተነሳና ተንጠለጠለ።

ክላክሱ ደግሞ ጮኸ፣ አሁን ረዘም አድርጎ። ፉአድ የተንጠለጠለውን ክዳን አየ፤ ከዚያ ከስባሪው ላይ የቆሙትን ሁለቱን ችንካሮች አየ። የአያቱን እጅ ከሻርፑ ስር ስቦ አወጣና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጋ። መዳፋቸው ላይ የክዳኑ ክብ በቀይ ታትሟል።

«ሲሞቅ ንገሪኝ ብዬሽ ነበር።»

«አረጀሁ» አሉ ባቱሎ። «እጄ ሙቀት አይለይም።»

በሩ ላይ ጀዕፈር ስሙን ጠርቶ ተሳደበ። ፉአድ ከሞርሳው ስር ያለውን የውሃ ጣሳ በእግሩ ወደ ራሱ ሳበና ተንበረከከ፤ በእፍኙ እየቀዳ ቀዩን ክብ ያቀዘቅዝ ጀመር። አይሱዙው ማርሽ አስገብቶ ሲንቀሳቀስም ቀና አላለም።