ሦስት ዳዊት

«ከብቸና ሞጣ በመኪና አንድ ዳዊት ነው፤ ከቦሌ ቤጂንግ ሦስት ይበቃታል» አሉ መሪጌታ፣ የመጨረሻ ልጃቸው የመክሊት አውሮፕላን ጠዋት ሲነሳ። ልጅቱ በስልክ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አሥር ሰዓት ብትላቸውም፣ እርሳቸው መንገድ የሚለኩት በቃላቸው በሚደግሙት ዳዊት ነበር። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ጀመሩ።

ሦስተኛው ሲገባደድ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር። ስልኩ ግን በሚስታቸው በበዛብሽ እጅ ላይ ዝም እንዳለ ነው። መሪጌታ የመጨረሻዋን መዝሙር፣ «ንኡስ አነ እምአኀውየ» የምትለዋን፣ ከወንድሞቼ ሁሉ ታናሽ ነበርሁ የምትለዋን፣ አደረሱ። አርባ ዓመት ስትሰማ የኖረችው በዛብሽ ዳዊቱ እዚያ ላይ እንደሚያልቅ ታውቃለች። እርሳቸው ግን ድምፃቸው ሳይዛነፍ ያችኑ መዝሙር እንደገና ከመነሻዋ ጀመሯት። ጨረሷትና አሁንም ጀመሯት። በዛብሽ በነጠላዋ ስር በጣቷ ቆጠረች።

አራተኛዋ ላይ ስልኩ ጮኸ። «እማዬ፣ አረፍን!»

«አላልኩሽም?» አሉ መሪጌታ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ልክ ሦስት ዳዊት!»

በዛብሽ አራት የታጠፉ ጣቶቿን በነጠላዋ ስር ቀስ ብላ ዘረጋች።

«እውነትዎን ነው» አለች፤ «አንዲት ቃል እንኳ አልተረፈችም።»