የቀረው ድንጋይ

በ1963 ጥቅምት፣ ቅዳሜ ጧት፣ እኔ፣ ጀላልና ተክለማርያም ከኮልፌ ተነስተን ወጨጫ ተራራ ወጣን። እንደ ልማዳችን ከአቀበቱ ሥር በነፍስ ወከፍ አንድ ድንጋይ አስቀመጥን። ስንወርድ ሁሉም የራሱን ያነሳል፤ ድንጋይ ከቀረ ሰው ቀርቷል ማለት ነው።

ከላይ ጉም ዋጠንና ተለያየን። ተክለማርያምን ቶሎ አገኘሁት፤ ጀላል ግን የለም። እስከ እሑድ ከሰዓት ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ። ተክለማርያም አንዴም አልተጣራም።

ተስፋ ስንቆርጥ ወረድን። ሁለት ድንጋይ ብቻ አለ። ተክለማርያም ቀድሞኝ ስለደረሰ የራሱን አንስቷል ብዬ የኔን አነሳሁ። የቀረውን፣ የጀላልን፣ እያየሁ አለቀስኩ። ለእናቱ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ኮልፌ ስንደርስ በራቸውን አንኳኳሁ።

«እትዬ ዙሀራ፣ ጀላልን…» አልኳቸው።

«ምን ሆነሃል ልጄ? ጀላል እኮ ትናንት እያነከሰ መጥቷል። ግባ እንጂ!»

ጀላል ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ሲያየኝ ፈገግ ብሎ ድንጋዩን ከኪሱ አወጣ።

«ተክለማርያምስ የት ቀረ?» አለኝ።

ከተራራው ሥር ትቼው የመጣሁት ድንጋይ ታየኝ።

ከደጅ ተክለማርያም ቀስ ብሎ፣ «እኔስ፣ ልግባ?» አለኝ።