ዘጠነኛው ቀን

መድኃኒቶች ጀርም የመግደል ኃይላቸውን ካጡ ወዲህ የአራስ ጥየቃ ወግ ተለውጧል። ከሩቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚስመው እናትየዋን ነው፤ ይዞት የመጣውን ጀርም ሰውነቷ ለምዶ መከላከያውን በጡቷ ወተት ለልጇ እስኪያስተላልፍ እስከ ዘጠነኛው ቀን ይጠበቃል።

ሹፌሩ ዘርጋው ከጅቡቲ ድንበር፣ ከጋላፊ ሲገባ ሚስቱን አስካለን ስሞ፣ በረንዳ ላይ እየተኛ የበኩር ልጁን በመስኮት ሲያያት ሰነበተ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት መኪናው ተጭኖ ይጠብቀው ነበር። ከሄደ የሚመለሰው ከወር በኋላ ነው፤ ያኔም ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

«አንድ ቀን ምን አላት? እግሯን ብቻ ልሳማት» አለ።

አስካለ ሕፃኗን ከጡቷ ሳታላቅቅ ቀና አለች። «የጎረቤታችን ልጅም የተሳመው እግሩን ብቻ ነበር፣ ዘርጋው። አፈር ስንመልስበት አብረኸን ነበርክ።»

ዘርጋው ልጅቷ ስትጠባ ጉንጯ ሲሞላና ሲጎድል ቆሞ አየ። ከዚያ ለመኪናው ባለቤት ደወለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አልወጣም።»

«አበድክ እንዴ? መኪናዋን ለሌላ ሹፌር ነው የምሰጣት፤ ዳግም አታገኛትም!»

«ይስጧት ጋሼ» አለ ዘርጋው፣ ግንባሩን የመስኮቱ መስታወት ላይ እንዳስደገፈ። «እኔ ነገ ልጄን እስማለሁ።»