ባዶው ኮሪደር

የጌም ሠሪዋ አክስት ተኩሰው በጣሉ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቃሉ። «ይቅርታ ወንድሜ! ኧረ በፈጠረህ ከፊቴ ዞር በል!» ይሉታል፣ ስክሪኑ ላይ ጠመንጃ ደግኖ የሚመጣባቸውን ወታደር። ጌሙን ሊሞክር የተቀጠረው ሰው ስለቀረ፣ የቤት ቁልፍ ሊያቀብሉ ጎራ ያሉት አክስት ናቸው ወንበሩ ላይ የተጎለቱት።

ጌም ሠሪዋ ከኋላቸው ቆማ ምላሷን ነክሳለች። ደንቡ ደንብ ነው፤ የሚጫወተው ሰው ግድግዳ ቢገጭ፣ እሳት ውስጥ ቢገባ፣ የሚያየው ትንፍሽ አይልም። አጠገቧ አለቃዋ ሌላ ስክሪን ላይ አፍጥጧል። እዚያ የተጫዋቹን እንቅስቃሴ የምትለካ አንዲት መስመር አክስት በተኮሱ ቁጥር ሽቅብ ትዘላለች።

አክስት ኮሪደሩ ውስጥ ገቡ። የሚተኮስበት የለም፤ ጨለማ፣ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ከወዲያ የሚሰማ ኮቴ፣ በቃ። ሠሪዋ ዓመት ሙሉ ላቧን ያፈሰሰችበት እዚህ ነው። አክስት በርሜል ተከልለው ቀጥ አሉ። መስመሯም ተኛች።

«ይኸው፣ እንደ ሌሎቹ» ሲል አንሾካሾከ አለቃው። «እዚህ ሲደርሱ ሁሉም ይፈዛሉ። ሰልችቷቸዋል እኮ። ዛሬውኑ ቆርጠሽ ጣይው።»

ሠሪዋ ዓይኗ ውሃ ሲሞላ እንዳያይባት፣ የጫማዋን ማሰሪያ የምታስር መስላ ጎንበስ አለች።

ጠረጴዛው ሥር የአክስት ጫማዎች ወልቀው ተገለባብጠዋል። የእግሮቻቸው ጣቶች ምንጣፉን ጨምድደው ይዘዋል፤ ሊነጥቃቸው የመጣ ሰው ያለ ይመስል። ይሄ መሰልቸት ነው? እሷ ሰው ሲሰለች እግሩን ሲያወዛውዝ ነው የምታውቀው። እስከ ዛሬ ሁሉም ስክሪን ስክሪኑን ሲያይ፣ እግር ያየ አልነበረም።

መናገር ክልክል ነውና የአለቃዋን ሱሪ ጎተተች። «ምን ሆነሻል?» በሚል ፊት ገላመጣት፤ ሁለተኛ ስትጎትተው ግን እየተነጫነጨ አጎነበሰ። ሁለት ጎልማሳ ሰዎች ጠረጴዛ ሥር ተንበረከኩ።

ጌሙ ውስጥ ኮቴው ቀረበ። የአክስት እግሮች እኩል ከምንጣፉ ብድግ አሉ። አለቃው ደንግጦ ቀና ሲል ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ።

«እሽሽ!» አሉ አክስት ከላይ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። «ዝም በሉ እንጂ! ይሰማናል!»

አለቃው የተመታ አናቱን እያሻሸ መልሶ አጎነበሰ። ሠሪዋም ሳቋን በእጇ አፈነች። ሁለቱም እንደተንበረከኩ ኮቴው እስኪያልፍ ጠበቁ፤ የአክስት የእግር አውራ ጣት ቀስ ብላ ምንጣፉን ነካች።