ያልተነካው ፓፍ

"ተንፍሺ የኔ እናት፣ ቀስ ብለሽ፣ አይዞሽ።"

ልብስ ሰፊዋ ይህን ያለችው ለልጇ ነው፤ እሷ ራሷ ግን ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣለች። የስድስት ዓመቷ ልጅ ፊቷ ላይ ጭምብል ታስሮላት፣ መድኃኒቱ በእንፋሎት እየገባላት ነው። እናት ዓይኗን ከልጇ ጎድን አልነቀለችም። በተነፈሰች ቁጥር በአጥንቶቹ መሀል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት የማይሳነው ጣቷ ዛሬ የልጇን ጫማ ማሰሪያ መፍታት አቅቶታል።

አስሙ ሲነሳባት በዚህ ወር ሦስተኛ ጊዜው ነው። "ዛሬስ ባትመለስልኝ?" የሚል ሐሳብ መጣባት። ክፉ አታናግረኝ ብላ አባረረችው፤ ተመልሶ መጣ።

የጤና ጣቢያው ሲስተር ጸጉራቸው የሸበተ፣ እየተቆጡ የሚያዝኑ ዓይነት ሴት ናቸው። የልጅቷን ደረት አዳመጡ።

"እየተሻላት ነው፣ ፉጨቱ ቀንሷል። ለመሆኑ መድኃኒቶቿን ይዘሻል?"

ይዛለች እንጂ! ከቦርሳዋ በቁራጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣችና ሁለት ፓፍ፣ በአፍ የሚሳቡ የአስም መድኃኒቶች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሰማያዊው ብዙ ከመነካቱ ቀለሙ ለቋል። ቡናማው ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል። የክር ጫፍ የማትጥል፣ ከአሮጌ ሸሚዝ ቁልፍ ነቅላ የምታስቀምጥ ሴት ናት፤ በቁጠባዋ ማንም አይደርስባትም።

"ሰማያዊውን ሲያፍናት እሰጣታለሁ። ይሄኛውን ግን አልነካሁትም፤ ለክፉ ቀን ብዬ።"

ሲስተር ቡናማውን አገላብጠው አዩት። የቀረውን የሚያሳየው ቁጥር መቶ ሃያ ይላል፤ ሙሉ ነው።

"ከተሰጠሽ ስንት ጊዜው ነው?"

"ሦስት ወር። ደግሞ ሰዎች ይለመዳል ሲሉኝ…"

"ሰዎች! ሲያፍናት አብረውሽ ይሮጣሉ?" አሉና ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ። ሰማያዊው የተዘጋውን ይከፍታል። ይሄ ግን እንዳይዘጋ ነው፤ የአየር ቧንቧዋን እብጠት ቀስ እያለ ያበርዳል። ጠዋትና ማታ፣ ደህና ሆና ስትሮጥም ስትስቅም መውሰድ አለባት። ሱስ የሚባል ነገር የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል አይደል የሚባለው?"

ልብስ ሰፊዋ ቁጥሩን አየችው። ሦስት ወር ሙሉ የልጇን ትንፋሽ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋባት ኖራለች።

"እኔው ነኛ" አለች። "እኔው ነኝ ያፈንኳት።"

"አላወቅሽም፤ አሁን አወቅሽ። በይ ተነሺ፣ አሰጣጡን ላሳይሽ።"

ጭምብሉ ሲወልቅ የልጅቷ ከንፈር መልኩ ተመልሶ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። እናት ሲስተር እንዳሳዩዋት ቡናማውን ነቅንቃ፣ መድኃኒቱ ከሚሳብበት የፕላስቲክ ቱቦ ጋር ገጥማ ወደ ልጇ አፍ አስጠጋችው።

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። "እማ፣ አሁን እኮ ደህና ነኝ!"

"አውቃለሁ፣ የኔ ዓለም" አለች እናቷ። እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ ቱቦውን ያዘችላት።