የምትኩ ቁመት

ልጅ ምትኩ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላው ጠዋት፣ ያሳደገችው ሞግዚት አልጣሽ እንደ ልማዷ ከመኝታ ቤቱ መቃን አስጠግታ አቆመችው። ቢላዋውን በአናቱ ልክ አድርጋ ጫን ስታደርገው፣ ስለቱ አዲስ እንጨት አልቆረጠም። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁለት ምትኩዎች በተለኩበት ጭረት ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ።

ምትኩ የሚወርሰው የደጃዝማቹ ቤት በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ አለበት። ሕጉ ደግሞ የመሳፍንት ዘር እንዳይቋረጥ፣ ወራሹ ሊሞት ሲቃረብ ከገዛ ደሙ ሌላ እሱ እንዲወለድ ይፈቅዳል። መልኩም ሳቁም ይመለሳል፤ በሽታውም አብሮ ይመጣል። ስሙም ያው ምትኩ ነው።

“እትዬ፣ ዛሬ እደግ አላልሽኝም” አላት።

በየዓመቱ ለክታው ስታበቃ “እደግ ተመንደግ” ትለው ነበር። አሁን ግን ቢላዋውን በቀሚሷ ጫፍ መጥረግ ያዘች። ዞር ብሎ ከጭረቱ በላይ ያለውን እንጨት በመዳፉ ዳሰሰው። እስከ ጉበኑ ድረስ ልሙጥ ነበር።

“ቁርስህ ይቀዘቅዛል ጌታዬ” አለችው።

“እነሱንም እንዲሁ ነበር ያልሻቸው?”

ከወዲያኛው ክፍል ሕፃን አለቀሰ። በቤቱ ሕፃን መኖሩን ማንም አልነገረውም። አልጣሽ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ፊቷ እየፈካ ወደ ለቅሶው ተጣደፈች።

“መጣሁ ምትኩዬ፣ መጣሁ። እደግ የኔ ጌታ።”

“አቤት” አለ ልጅ ምትኩ ከመቃኑ ሥር እንደቆመ።

ዞራም አላየችው።